ቦሎኛ ለስብሰባ ለምትሄዱት፦ ከሻንጣው በፊት ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን እዩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። «ከባሕር ዳር ስምንት ሆነን ግንቦት ላይ ጣሊያን፣ ቦሎኛ ለኮንፈረንስ እንሄዳለን፤ ስለ ሆቴልና ስለ ልብስ ምክር ስጡን» ነው ያልሽው። ልብሱን ተዪው። ለማታ አንድ ሹራብ ይበቃል። ሆቴልም አይጠፋም። እኔ አምስት ሆነን ልንሄድ ተነስተን አራት ሆነን ከሄድነው አንዱ ነኝ። አምስተኛው ሰው የቀሩት ሹራብ አጥተው አይደለም።

የኛ ጉዞ መስከረም 2017 ላይ ነበር። ስብሰባው ስለ ሐይቆች ነው፣ እኛ ደግሞ ጣናን የወረረውን አረም፣ የእምቦጭን ጉድ ይዘን ነው የሄድነው። ሦስቱ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው፣ እኔ ከአንድ መሥሪያ ቤት። አምስተኛው ጋሼ ናቸው። ጣና ላይ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓሣ ያሰገሩ፣ አሁን የማኅበር ሊቀ መንበር የሆኑ ሰው። አዘጋጆቹ «በሐይቁ የሚኖር ሰው ይናገርልን» ብለው የሳቸውን ወጪ ችለው ነበር። በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

1ኛ፦ የቪዛው አሻራ የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው፣ ስለዚህ ስምንታችሁም መሄዳችሁ አይቀርም። ባለፉት 59 ወራት ለሸንገን ቪዛ (ጣሊያንን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ነው) አሻራ የሰጠ ካላችሁ ብቻ ሊድን ይችላል። ከጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፣ ለግንቦት ከኅዳር ጀምሮ ማለት ነው። ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊጎተት ይችላል። የ30,000 ዩሮ ኢንሹራንሱን፣ የባንክ ስቴትመንቱን፣ ፎቶውን ሁሉም ሰው ይነግራችኋል። እኔ አልደግመውም።

2ኛ፦ ደብዳቤ። እዚህ ጋ ቁጭ በይ።

የኔንና የጋሼን የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈው የኔው መሥሪያ ቤት ነው። በአማርኛ ወጣ። «ከመስከረም 13 እስከ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.» ይላል። ልክ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ይዤው ትርጉም ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ልጅ እጁ ፈጣን ነው፣ ሻዬን ሳልጨርስ አደረሰልኝ። መስከረሙን ሴፕቴምበር አደረገው፣ ቁጥሮቹን ግን እንዳሉ አስቀመጣቸው፦ ከሴፕቴምበር 13 እስከ 20፣ 2017። ማኅተም ተመታበት፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ።

ገባሽ? የኛ መስከረም 13 የነሱ ሴፕቴምበር 23 ነበር፣ 2017ም የነሱ 2024። ፈረንጁ ሲያነበው እኔና ጋሼ ከሰባት ዓመት በፊት ላለፈ ስብሰባ ፈቃድ ተሰጥቶን ዛሬ ቪዛ የምንለምን ሰዎች ነን። እኔ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ እኮ! ዓይናችን ግን 2017ን ሲያይ «መጪው ዓመት» ብሎ ነው ያለፈው።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አምስታችንም አዲስ አበባ ሄደን አስገባን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን ቆጠረች እንጂ አላነበበችም። ሦስቱ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደብዳቤያቸው ከመጀመሪያውም በእንግሊዝኛ፣ በፈረንጅ ቀን የተጻፈ ነበርና ቪዛቸው ተመታላቸው። ለኔና ለጋሼ የመጣው ባለ ሳጥን የክልከላ ወረቀት ነው። የጉዞው ዓላማ ላይ የቀረበው ማስረጃ አያስተማምንም የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎበታል።

አሁን ደብዳቤውን ለማሳረም ወደ ገዛ መሥሪያ ቤቴ ተመለስኩ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ቤት ነው። መዝገብ ቤት ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ወጪ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ አይነካም» አለኝ። እሺ፣ ሌላ ይጻፍልኝ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንጅ ቀን አልኩት። ያኔ ቀና አለ። «እኛ ለጣሊያን አልተገዛንም፣ የምንጽፈው በራሳችን ዘመን ነው» አለኝ፣ ቢሮው ሙሉ ሰው እየሰማ። ሳቁብኝ። እኔም ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። አራት ቀን ተመላለስኩ። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ፣ በሁለተኛው ፈረሙ ግን ቲተሩን የያዘችው ሴትዮ ፈቃድ ላይ ናት፣ በሦስተኛው ቲተሩ ተገኘ ክብ ማኅተሙ የተቆለፈበት ሳጥን ቁልፍ ጠፋ። በአራተኛው ቀን ያንኑ ሰውዬ ማኪያቶ ጋብዤው ጨረሰልኝ። አልኮራበትም።

በዚህ መሀል ደግሞ ሐምሌ 22 ብሩ ለገበያ ተለቀቀ። ስልሳ ምናምን ብር የነበረው ዩሮ በጥቂት ሳምንት ከመቶ በላይ ሄደ። የቪዛው ክፍያ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለክሉሽም አይመለስም። ሁለተኛውን ስከፍል በብር ሲመነዘር የመጀመሪያውን እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፣ ያውም ከኪሴ።

ጋሼ ግን እንቢ አሉ። አዲሱን ደብዳቤ ይዤ አባይ ማዶ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው፣ ክፍያውን እኔ እችላለሁ አልኳቸው። «አንድ ጊዜ አትገባም ያለኝን ቤት ሁለተኛ አላንኳኳም» አሉኝ። ቡና አስፈሉልኝ፣ ስለ ክረምቱ አወራን፣ በቃ።

የኔ ቪዛ ጳጉሜን ላይ መጣ። ከመሄዴ በፊት ሐይቁ ዳር ወሰድኳቸውና በስልኬ ቀረጽኳቸው። ደረቅ እምቦጭ ጠቅልለው «ይህን አሳይልኝ» ብለውኝ ነበር፣ እኔ ግን አልወሰድኩትም፤ እምቦጭ አውሮፓ ኅብረት እንዳይገባ ከተከለከሉት ተክሎች አንዱ ነው። ቪዲዮው ስድስት ደቂቃ ነው፣ ግማሹ የነፋስ ድምፅ። መረቡ በዓሣ ፋንታ ስንት እምቦጭ ይዞ እንደሚወጣ በክንዳቸው ሲለኩ ግን፣ እጃቸውን ዘርግተው አልበቃ ሲላቸው ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሲሄዱ፣ አዳራሹ ጸጥ አለ። የኛን ፖስተር የጠየቀን ሰው ብዙ አልነበረም። ስለ ጋሼ ግን በየእረፍቱ እየመጡ ጠየቁኝ። የት ናቸው አሉኝ። ምን ልበል?

ስለዚህ እህቴ፣ ስምንታችሁም ደብዳቤያችሁን ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ አስጽፉ። አማርኛ ብቻ ነው ካሏችሁ ከኛው ቀን ጎን «እ.ኤ.አ.» ብለው የነሱን እንዲጨምሩ አድርጉ። ትርጉም ቤት ስትሄዱም ቀኑን ቀይራችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። ለነሱ አትተዉት።

3ኛ ወይም 4ኛ፣ ቆጠራው ጠፍቶኛል፦ ስም። የጥሪ ደብዳቤው ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል አንድ መሆን አለበት፣ የአያት ስም ጭምር። ከኛ አንዱ አንድ ቦታ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላ ቦታ በሁለት ተጽፎ ደብዳቤውን እንደገና አስልኳል። አንድ ሰው መድቡና የሁሉንም የፓስፖርት ፎቶ ሰብስቦ እሱ ብቻ ለአዘጋጆቹ ይላክ።

ከዚህ አዲስ አበባ በመኪና እንሄዳለን ካላችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ። የቀጠሮው ዋዜማ ላይ አትነሱ። እኛ በአውሮፕላን፣ ያውም ሁለት ቀን ቀድመን ነው የሄድነው። ከሮም ፊውሚቺኖ ኤርፖርት የከተማው ዋና ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ የሚወስደው ቀጥታ ባቡር 32 ደቂቃ ነው፣ እኛ 14 ዩሮ ከፍለናል። ከዚያ ፈጣኑ ባቡር ቦሎኛ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ትኬቱን ቀደም ብሎ መግዛት ይረክሳል። ቦሎኛ ስትደርሱ ፈጣኑ ባቡር የሚያወርዳችሁ ከመሬት በታች፣ ብዙ ደረጃ ወርዶ ነው። አንድ ሰው እዚያ ጠፍቶብን አርባ ደቂቃ ፈልገነዋል፣ ለካ ላይ ወጥቶ ማኪያቶ እየጠጣ ነው። (ማኪያቷ በነገራችን ላይ ሁለት ጉንጭ ናት። የኛን ማኪያቶ ጠብቃችሁ አትዘዙ።) በተራው ባቡር በወረቀት ትኬት ከሄዳችሁ ሳትሳፈሩ ማሽኑ ላይ አስመቱት፣ አለዚያ ትቀጣላችሁ። ሆቴል ስትገቡም የከተማ ግብር በየሌሊቱ ለብቻው ይጠየቃል፣ አትጣሉ፣ ሕጋቸው ነው።

ምግብ። ቋንጣና ቅቤ ያለበት ጭኮ እንዳትይዙ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ማስገባት ክልክል ነው። ባለቤቴ ሌሊት ተነስታ የቋጠረችውን ቋንጣ ሮም ላይ ዓይኔ እያየ ቢን ውስጥ ከተቱት። በሶና ቆሎ ግን አለፈ። ጿሚ ካላችሁ ደግሞ ከተማው ከባድ ነው። ቦሎኛ የሥጋ ወጧን ፓስታ ላይ፣ አይቧን ሁሉም ነገር ላይ የምታደርግ አገር ናት። እኔ ረቡዕ ቀን ሥጋ የለበትም ያሉኝን ታሊያቴሌ ግማሽ ከበላሁ በኋላ ነው ሊጡ በእንቁላል እንደሚቦካ የሰማሁት። ትኩሱ ፓስታቸው እንቁላል አለበት፣ ደረቁን ስፓጌቲ ጠይቁ። «ሴንሳ ካርኔ፣ ሴንሳ ፎርማጆ፣ ሴንሳ ቡሮ» በሉ፣ ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ ቅቤ ማለት ነው። የመስቀል ዕለት ዓርብ ስለነበር እኛ አራታችን በቲማቲም ስፓጌቲ ነው ያከበርነው።

ትርፍ ሰዓት ካገኛችሁ ሳን ሉካ ውጡ። ወደ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ጣሪያ ያለው መንገድ ነው፣ 666 ቅስት አለው፣ ጫፉ ላይ ቅዱስ ሉቃስ ሳላት የሚሏት የማርያም ሥዕል አለች። ጉልበት ይጠይቃል። እኔ ለጋሼ ሻማ አበራሁ።

ደብዳቤያችሁ እንደወጣ፣ ማኅተም ሳይመታበት፣ ፎቶ አንሺና በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ማታ ማታ ነው የምከፍተው። ጋሼ ጋ ከሆንኩም እናየዋለን፣ እሳቸው አሁን የፈረንጅ ቀን በጣታቸው ቆጥረው ከኔ ቀድመው ነው የሚናገሩት።