ውሮም ፈረሱም በአንድ ግቢ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ናችሁ? ባለፈው ስለ መጠለያችን ሁለት ሦስት መስመር ጣል አድርጌ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬ እረፍት የለውም። ለማታውቁት፦ ከጃንሜዳ ጀርባ ወደ ቀበና ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ በቆርቆሮ የታጠረ አንድ ግቢ አለ። በአንዱ በኩል ድመቶች፣ በሌላው በኩል አራት ፈረሶች። እንዴት ተስማሙ ለምትሉ፣ ብርድ ሲሆን ድመቶቹ የሚያድሩት ፈረሶቹ ጭድ ውስጥ ነው፤ ፈረሶቹም ገብሳቸውን አይጥ ስለማይሻማቸው ቅር አይላቸውም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ቅዳሜና እሁድ ፋንድያ የምዝቅ ሰው ነኝ። ሐኪማችን የምትለውን ሰምቼ፣ በዓይኔ ያየሁትን ጨምሬ ነው የምመልሰው።

"ሰፈራችን ሲፈርስ ከዶሮ ማነቂያ ወደ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገባን። ድመታችንን በካርቶን ይዘናት መጣን፣ በሦስተኛው ቀን ጠፋች። ልጆቼ እያለቀሱ ነው። ፒያሳ ተመልሳ ይሆን?"

አይዞሽ እህቴ። ቤት የተቀየረው ቅርብ ለቅርብ ቢሆን ኖሮ አዎ፣ ወደ ድሮው ቤት የምትመለስ ድመት አለች። ከአራብሳ ፒያሳ ግን ሩቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የፈራች ድመት እዚያው አጠገብ ተወሽቃ ነው የምትገኘው። ደረጃ ሥር፣ የውሃ ታንከር ሥር፣ ለወራት የቆመ መኪና ሥር እዩ። ብትጠሪያት አትመልስልሽም፤ ድምፅሽን እያወቀችም ዝም ትላለች። ስለዚህ ቀን ላይ ከልጆች ጋር እየጮኻችሁ አትፈልጓት። ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ብሎኩ ሲተኛ፣ ባትሪ ይዘሽ ውጪ። መብራቱን ዝቅ አድርገሽ ስታዞሪው ዓይኗ ያበራል። በር ላይ ልጆቹ የሚለብሱትን አሮጌ ጋቢ ሳታጥቢ አንጥፊላት፣ አጠገቡ አንድ ጣሳ ሰርዲን ክፈቺ። ስትገኝ ሁለት ሦስት ሳምንት ከቤት አታስወጫት፤ መጀመሪያ አንድ ክፍል ብቻ ትልመድ።

2016 ላይ ፒያሳ ሲፈርስ የሰው ዕቃ በአይሱዙ እየተጫነ ሲሄድ ብዙ ድመት እዚያው ቀርቷል። አንዷን አልረሳትም፣ ግራጫ ናት። ግድግዳው የለም፣ ጣሪያው የለም፣ የበሩ ደፍ ብቻ ቀርቷል፤ እሷ ደፉ ላይ ጅራቷን እግሯ ላይ ጠቅልላ ቁጭ ብላለች። ዶዘሩ ሲቀርብ ትነሳና ድንጋይ ክምር ላይ ትወጣለች፣ ሲርቅ ተመልሳ እዚያው ደፍ ላይ። ለመያዝ ዘጠኝ ሌሊት ፈጀብን። አሁን እኛ ጋ አለች፤ ዛሬም በር አጠገብ ካልሆነ አትተኛም።

"ጡረተኛ ነኝ፣ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ግቢዬ የሚመጡ ድመቶች አሉ። በሁዳዴ ሽሮ ፍትፍት እሰጣቸዋለሁ፣ አሽትተው ይተዉታል። ጠግበው ነው?"

አይ ጋሼ፣ አልጠገቡም። ድመት እንደ ውሻ ያገኘችውን በልታ የምትኖር እንስሳ አይደለችም፤ ሥጋ የግድ ያስፈልጋታል። ታውሪን የሚባል ነገር አለ፣ ከሥጋ ነው የምታገኘው፣ ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። "ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ" የምንለው በሐሜት ነው እንጂ አመል ሳይሆን ተፈጥሮዋ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን ሽንኩርቱ ነው። ቀይም ይሁን ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል። የእኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ያልገባበት የት አለ? ስለዚህ ሽሮውም፣ በፋሲካ የሚተርፈው የዶሮ ወጥ ቁሌትም ይቅርባቸው። 55 ቀን ሙሉ የሰፈሩ ሥጋ ቤት ከተዘጋብዎ የሙስሊም ሥጋ ቤት ይጠይቁ፤ ሳንባ በርካሽ ይሰጥዎታል። ያለ ጨው፣ ያለ ምንም ቀቅለው ይስጧቸው። የተቀቀለ እንቁላልም ጥሩ ነው። ወተት አይስጡ፣ አብዛኛውን ትልቅ ድመት ያስቀምጠዋል፤ ንጹሕ ውሃ ይበቃል።

እኛ በሁዳዴ ሳንባ የምንቀቅለው በጠዋት ነው። ሽታው ከቅዳሴ የሚመለሱ እናቶችን ያገኛቸዋል። አንዷ ጎረቤታችን አጥሩ ጋ ቆም ብለው "እናንተ ልጆች፣ በዚህ ጾም!" ይሉንና ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጋሉ። በፋሲካ ማግስት ግን የበጉን ሳንባ በፌስታል ይዘው የሚመጡት እሳቸው ናቸው።

"ባለቤቴ የሦስት ወር እርጉዝ ናት። እናቴ ድመቷ ከቤት ካልወጣች ብላ ሞግታናለች። እውነት ጽንስ ያስወርዳል?"

እናትህ ከመሬት ተነስተው አይደለም የሚናገሩት። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ አለ፣ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፣ ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ መጀመሪያ ከያዛት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ግን ድመቷን ከማባረር በፊት ሁለት ነገር ስማ። አንደኛ፣ ዓይነ ምድሩ ወዲያው አያስይዝም፤ ተውሳኩ ለመብሰል ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ አሸዋዋ በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ጠራጊው ደግሞ አንተ ነህ፣ እሷ አይደለችም። ሁለተኛ፣ ተውሳኩ ከድመቷ ብቻ አይመጣም። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ፣ ያለ ጓንት የተነካ የጓሮ አፈር፣ ሁሉም መንገድ ናቸው። ድመቷን አስወጥቶ ቅዳሜ ቁርጥ ቤት መሄድ ምን ይባላል? ለክትትል ስትሄዱ ሐኪሟን ጠይቁ፣ በደም ምርመራ ይታያል።

"ድመቴ አተኮሳት መሰለኝ። ፓራሲታሞል ሩቡን ብሰጣትስ?"

በፍጹም! ሩቡም ሊገድላት ይችላል። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን ማስወገድ አይችልም። ከሰጠሻት ደግሞ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ውሰጃት፣ እስከ ነገ አትጠብቂ።

"ዱከም ጋሪ እነዳለሁ። ፈረሴ አርጅቷል፣ ባጃጁ ሥራውን ወስዶታል። ልጆች አሉኝ። እናንተ ጋ አምጥቼ ብተወውስ?"

ወንድሜ፣ መንገድ ላይ ሳትጥለው በመጠየቅህ አከብርሃለሁ። ብዙዎች አይጠይቁም። ማታ ይዘውት ይመጡና አካፋይ ላይ ለቀውት ይሄዳሉ፤ ጠዋት ታክሲ ስትጠብቁ ያያችሁት፣ መኪና በግራም በቀኝም እያለፈው አንገቱን ደፍቶ የቆመው ፈረስ እንደዚያ የመጣ ነው። ሳር ያጣ ፈረስ ፌስታል ይበላል። ፈረስ ደግሞ ማስመለስ አይችልም፤ የገባው ነገር አንጀቱን ከዘጋው በቁርጠት ነው የሚሞተው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ቦታ የለንም። አንድ ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ውሃ ይጠጣል፤ ሁለት ባለ 20 ጀሪካን በለው። አራት ፈረስ፣ ስምንት ጀሪካን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ነው ይህ ሁሉ፤ ሮቷችን ባዶ ሲሆን ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት የሚወጣው እኔና አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነን። መኖው ከክብደቱ ሁለት በመቶ ገደማ ነው፣ በቀን አምስት ኪሎ ደረቅ መኖ በለው። መጠለያ መጣያ አይደለም የምለው ለአንተ አይደለም፤ "እናንተ እያላችሁማ" እያሉ በር ላይ አስረው ለሚሄዱት ነው።

አሁን ወደ አንተ። ፈረስ 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ "አርጅቷል" ከማለትህ በፊት ጥርሱን አሳየው። የፈረስ ጥርስ እኩል አያልቅም፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሆንና ጉንጩን ይቆርጠዋል። ጭዱን አኝኮ አኝኮ እንደ ኳስ አድርጎ ከጣለው ችግሩ ዕድሜ ሳይሆን ጥርስ ነው። ተሞርዶለት ፉርሽካ በውሃ እየራሰ ሲሰጠው ሥጋ የመለሰ አይቻለሁ፤ የእኛ ቦራ እንደዚያ ነው የዳነው። ሲመጣ የጎን አጥንቱ ይቆጠር ነበር፣ ጀርባው ገጣባ ሆኖ ዝንብ አይለየውም። ዛሬ የበሩን መቀርቀሪያ በከንፈሩ ከፍቶ የጥበቃውን ቁርስ ይሰርቃል።

ሌላው ደግሞ እግሩን እየው። እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ የሚያብጥና የሚፈነዳ ነገር ካለው ተላላፊ ሊሆን ስለሚችል ልጓምና ኮርቻውን ከሌላ ፈረስ ጋር አታጋራ። ከዱከም ቢሾፍቱ ቅርብህ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው፣ ወስደህ አሳየው። ከጋሪ ባይሆንለት ቀላል ሥራ ያለው፣ ሳር ያለው ገበሬ ዘመድ ፈልግለት። ሁሉም ካልሆነ ደውልልኝ፣ እንነጋገራለን።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ፣ ባልቻን አባ ነፍሶ ያልናቸው በፈረሳቸው ስም ነው። አራዳ ጊዮርጊስ ጋ ንጉሡ ዛሬም ፈረስ ላይ ናቸው። ባልደራስ ብለን ሰፈር የሰየምነውም የፈረስ ሹሙን ነው። ከዚያ ሐውልት ሥር አልፈን ነው እንግዲህ ፈረስ አካፋይ ላይ የምንጥለው።

"ልጄን ቅዳሜ አምጥቼ ፈረስ ላይ ላስቀምጠው? ፎቶ ብቻ።"

አይሆንም፣ የእኛዎቹ ጡረታ ላይ ናቸው። እንጦጦ ውጡ፣ እዚያ የሚከራይ ፈረስ አለ። ግን ከመክፈልሽ በፊት ባለቤቱን ኮርቻውን አንሳ በይው። ጀርባው ከቆሰለ፣ የአፉ ጥግ ከደማ፣ እግሩን ካነከሰ ገንዘብሽን ይዘሽ ሂጂ። አባትየውም ልውጣ ካለ፣ ፈረስ ኮርቻውን ጨምሮ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ በላይ ባይሸከም ይመከራል። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ያ 50 ኪሎ ነው። ባልሽን አላውቀውም፣ ብቻ።

"የጎረቤት ድመት ቧጨረችኝ፣ ትንሽ ነከስም አደረገችኝ። ውሻ ስላልሆነች ችግር የለውም አይደል?"

አለው። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ ነው የውሻ፣ ድመትም ያስተላልፋል። አሁኑኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠበው፣ ሰዓት ይዘህ። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ክትባቱን እነሱ ይወስናሉ። ድመቷ ከታወቀች ለአሥር ቀን ትታይ፤ አትግደሏት፣ አታባርሯት። ቁስሉ ላይ ነጭ ሽንኩርት የሚቀባ ሰው አውቃለሁ፤ አንተ እንዳታደርገው። የበሽታው ምልክት ከጀመረ በኋላ መዳኛ የለውም፣ ስለዚህ በዚህ ቀልድ የለም።

"ድመት ማስመከን ኃጢአት አይደለም? እናት መሆን መብቷ ነው።"

የኃጢአቱን ነገር ለንስሐ አባትሽ ልተወው። እኔ የማውቀው ካርቶኑን ነው። አንዲት ድመት በአራት አምስት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናው ሁለት ወር ገደማ ነው። እያጠባችም ትደግማለች። ቁጥሩን አንቺው አስቢው። ከዚያ አንድ ጠዋት በራችን ላይ የብስኩት ካርቶን እናገኛለን፤ ስንከፍተው ስድስት፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ የአንዱ እትብት ገና እርጥብ። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ መርፌው በወለቀ ሲሪንጅ ወተት እየጨመቅን እናጠባለን፤ ለዚያም የላም ወተት አይሆንም፣ ለድመት ግልገል ተብሎ የተሠራ ወተት ነው፣ ዋጋውን አትጠይቂኝ። ካጠቡ በኋላ መሽኛቸውን በረጠበ ጥጥ ካላሸሻቸው መሽናት እንኳ አይችሉም። ባለፈው ከስድስቱ ሁለቱ ተረፉ። እናታቸው አንድ ጊዜ ብትመክን ኖሮ እኔም እንቅልፌን እተኛ ነበር።

"ተማሪ ነኝ፣ ገንዘብ የለኝም፣ ግን መርዳት እፈልጋለሁ። ምን ይዤ ልምጣ?"

አሮጌ ጋዜጣ፣ የተቀደደ ጋቢ፣ እጀታው የተሰበረ ባልዲ፣ ሁሉንም እንወስዳለን። ከሁሉም በላይ ጉልበትህን። ፈረስ በቀን አሥር ኪሎ ገደማ ፋንድያ ይጥላል፣ አራት ናቸው፣ ሒሳቡን ሥራው። የምንዝቀውን ጓሮ አትክልት ያላቸው ጎረቤቶች በጆንያ ይወስዱታል፣ ጎመን ይመልሱልናል። ፎቶ ማንሳት ትችላለህ፣ ከዛቅህ በኋላ። ብቻ ቦት ጫማ አድርገህ ና። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ነጭ ስኒከር አድርጎ መጣ፤ ቦራ አየውና ቀረብ አለ፣ ጫማውን አሸተተ፣ ከዚያ ሰኮናውን ቀስ አድርጎ አሳረፈበት። ልጁ ደህና ነው። ጫማውን ግን እዚያው ትቶት በባዶ እግሩ ሄዷል፤ አሁን ውስጡ አንዲት የድመት ግልገል ትተኛበታለች።