ሻሮሌ ለማርባት ለተነሳችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

የሻሮሌ ኮርማ ከኋላው ቆሞ ላየው ሰው ልብ ይሰርቃል። ክሬም የመሰለ ነጭ ጠጉር፣ ሮዝ አፍንጫ፣ በር የሚሞላ ዳሌ። ሙሉ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ውበቱን አልክድባችሁም። ነገር ግን በዚህ ዝርያ ትርፍና ኪሳራ የሚለዩት ኮርማው ሲታይ ሳይሆን ጥጃው ሲወለድ ነው። ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ ሁሉ፣ ስለ መኖም ሆነ ስለ ገበያ፣ ተመልሶ የሚያርፈው እዚያው የወሊድ ሰዓት ላይ ነው።

የከብቱን ታሪክ ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሻሮሌ የተነሳው በፈረንሳይ በሻሮል ከተማ አካባቢ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወደ ኒዬቭር ግዛት ተስፋፋ፤ የዘር መዝገቡም በ1864 በኔቬር ተከፈተ። ለረጅም ዘመን ማረሻና ጋሪ ሲጎትት የኖረ ከብት ስለሆነ አጥንቱ ወፍራም፣ ትከሻውና ታፋው ከባድ ነው። የጉልበት ሥራው ለትራክተር ሲለቀቅ ያ ጉልበት ወደ ሥጋ ዞረ፤ የአጥንቱ ስፋት ግን ከጥጃው ጋር አብሮ ቀረ። ወንዱ ጥጃ ሲወለድ ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 50 ኪሎ ግራም ይደርሳል። የጎረቤቱ የሊሙዚን ጥጃ ቀጠን ያለ አጥንት ስላለው ቀለል ይላል፤ የአንገስ ጥጃ ደግሞ ከሁለቱም ያንሳል።

የእርግዝናው ጊዜም ረዘም ይላል፤ ወደ 287 ቀን ይጠጋል። ይህን ቁጥር ችላ አትበሉት። ላሟ በየዓመቱ አንድ ጥጃ እንድትሰጣችሁ ከፈለጋችሁ፣ ከ365 ቀን ላይ 287ቱ ሲቀነስ የሚተርፋት 78 ቀን ብቻ ነው። ከወለደች በኋላ ማህፀኗ እስኪመለስ ከ40 ቀን በላይ ይወስዳል፤ ኮርማ የምትፈልገው ደግሞ በየ21 ቀኑ ነው። ስለዚህ በቂ ሥጋ ይዛ ከወለደች አንድ ወይም ሁለት ዕድል አላት፤ ከስታ ከወለደች ያንንም አታገኝም። ብዙ ጀማሪ አርቢ ኮርማውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ላሟ ባለፉት ሦስት ወራት በበላችው መኖ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሚዮስታቲን የሚባል ዘረ-መል ጡንቻ ከመጠን በላይ እንዳያድግ እንደ ፍሬን ያገለግላል። በቤልጂያን ብሉ ዝርያ ይህ ፍሬን 11 የዘር ፊደላት ጎድለውበት ሥራውን አቁሟል፤ ጥጆቹ አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና የሚወለዱትም ለዚህ ነው። በሻሮሌ ውስጥ ደግሞ ኪው204ኤክስ የተባለ ለውጥ ይገኛል። አንድ ቅጂ ብቻ የያዘ እንስሳ ሥጋው ይበዛል፤ ገዢ የሚወደው፣ በኤግዚቢሽን የሚያሸንፈው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። አደጋውም እዚህ ይጀምራል፤ ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ከአራት ጥጆች አንዱ ሁለቱንም ቅጂ ይወርሳል። እንዲህ ያለው ጥጃ ታፋው የተሰነጠቀ ይመስላል፤ ምላሱ ሊወፍርና መጥባት ሊያቅተው ይችላል። ሴት ከሆነች አድጋ የምትወልድበት መንገድ ጠባብ ይሆናል። ስለዚህ ኮርማም ሆነ አባላዘር (ለማዳቀያ የሚሸጥ የኮርማ ዘር ፈሳሽ) ስትገዙ የሚዮስታቲን ምርመራ ውጤት ጠይቁ። ምርመራው ከጅራት ጠጉር ሥር ወይም ከጆሮ ቁራጭ የሚሠራ ቀላል ነገር ነው። በዚያው ናሙና የሻሮሌን የተራማጅ አታክሲያ በሽታ አብራችሁ አስመርምሩ። ይህ ከሁለቱም ወላጅ ሲወረስ ከአንድ ዓመት ዕድሜ በኋላ የኋላ እግሮችን ቀስ በቀስ የሚያሽመደምድ ነው፤ መድኃኒት የለውም።

ጊደር ስትመርጡ ዳሌዋ ሰፊ፣ ከጀርባ ወደ ጅራት ትንሽ ዘንበል ያለ ይሁን። ጠፍጣፋ ወይም ወደ ላይ የተነሳ ዳሌ ለዓይን ያምራል፤ ለወሊድ ግን ክፉ ነው። ከእሷ ይልቅ እናቷን አብዝታችሁ እዩ፤ ስንት ጊዜ ያለ እርዳታ ወለደች፣ ግቷ እንዴት ነው፣ ጡቶቿ ጥጃ ሊይዛቸው የሚችል ውፍረት አላቸው ወይስ እንደ ጠርሙስ አብጠዋል? ጊደሯን ለኮርማ የምትሰጧት የሙሉ ዕድሜ ክብደቷን 65 በመቶ ስትይዝ ነው። እናቷ 750 ኪሎ ግራም ከሆነች ጊደሯ ወደ 490 መድረስ አለባት። ሻሮሌ ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ ነውና በ24 ወር የሚያስወልድ በቂ መኖ ያለው ብቻ ነው፤ የሌለው ይጠብቅ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትወልድ ጊደር የምትመርጡት ኮርማ የወሊድ ቅለቱ በቁጥር የታወቀና የትክክለኛነቱ መጠን ከፍ ያለ ይሁን። የአንድ ወጣት ኮርማ የዘር ግምት፣ ማለትም ለጥጆቹ ምን እንደሚያወርስ የሚገመተው ቁጥር፣ ጥጆቹ እስኪወለዱ ድረስ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በመጨረሻዎቹ ሁለት የእርግዝና ወራት የሚሠራ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ጥጃው እንዳይተልቅ» ብለው ላሟን ያስርባሉ። ጥጃው ግን ከእናቱ ሰውነት እየወሰደ ያድጋል፤ የሚጎዳው የእሷ የማማጥ ጉልበትና እንገሯ ነው። በሌላ በኩል የወፈረች ላም በዳሌዋ ውስጥ ስብ ይከማችና መንገዱን ያጠብባል። ከ1 እስከ 5 ባለው የሰውነት ይዞታ መለኪያ ከ2.5 እስከ 3 ላይ ሆና ትውለድ። ማስተካከል ካስፈለገ ከሦስት ወር በፊት ነው፤ በመጨረሻው ወር አይደለም።

ምጥ ሲጀምር ንጹሕ፣ ደረቅና ሰፊ ቦታ ስጧትና ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። የሽርት ውኃው ከታየ በኋላ ጊደር አንድ ሰዓት ሙሉ አምጣ ለውጥ ከሌለ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ ብዙ ማለስለሻ ቀብታችሁ መርምሩ። ሁለት የፊት እግሮችና በመካከላቸው አፍንጫ ማግኘት አለባችሁ። የሰኮናው መርገጫ ወደ ላይ ከዞረ ጥጃው ምናልባት በኋላው እየመጣ ነው፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚቱን ዳስሳችሁ ለዩ። እግሮቹ እርስ በርስ ከተጠላለፉ ትከሻው ለመንገዱ ሰፍቷል ማለት ነው፤ ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ጥጃውን የምትስቡበትን ሰንሰለት ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አንድ ዙር፣ ከታች ሌላ ዙር አድርጋችሁ እሰሩ፤ አንድ ዙር ብቻ አጥንት ይሰብራል። እሷ ስታምጥ ብቻ ሳቡ፤ ስታርፍ እረፉ። አንዱን እግር፣ ከዚያ ሌላውን፣ በተራ። ጭንቅላቱና ደረቱ ከወጡ በኋላ ወደ መሬት አዘንብላችሁ ሳቡ። ዳሌው ከያዘ ጥጃውን ሩብ ዙር አዙሩት፤ የላሟ መውጫ ከጎን ወደ ጎን ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ይሰፋልና።

ሁለት ሰዎች በእጃቸው ስበው ካልመጣ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። በወሊድ መሳቢያ መሣሪያ ላይ የሚታመን ሰው ያሳስበኛል። መሣሪያው ከሁለት ሰው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል አለው፤ በዚያ ኃይል የጥጃው ጎድን ይሰበራል፣ የላሟ የዳሌ ነርቭ ይጨፈለቃል፣ ዳግመኛ ሳትነሳ ትቀራለች። በጊዜው የተጠራ ሐኪም በቀዶ ሕክምና ሁለቱንም ያተርፋል፤ ዘግይቶ የተጠራው ግን የሚያገኘው የሞተ ጥጃና የቆሰለ ማህፀን ነው።

ጥጃው እንደወጣ በደረቱ አስቀምጡት፣ እግሮቹን ከሥሩ አጥፉለት፤ ሁለቱም ሳንባ አየር እንዲያገኝ። በአፍንጫው ቀዳዳ ውስጥ ገለባ ማስገባት ወይም በጆሮው ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ትንፋሹን ይቀሰቅሳል። ዘቅዝቆ መስቀል ይቅር፤ አንጀቱ ሳንባውን ይጫነዋል። እትብቱን አዮዲን ንከሩት። እንገር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ወደ 3 ሊትር መጠጣት አለበት፤ በ12 ሰዓት ውስጥ የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ማለትም ለ45 ኪሎ ግራም ጥጃ 4.5 ሊትር ይሙላ። አንጀቱ የእንገሩን የበሽታ መከላከያ የሚቀበልበት በር በየሰዓቱ እየጠበበ ሄዶ በ24ኛው ሰዓት ይዘጋል። በጭንቅ የተወለደ ጥጃ ምላሱ አብጦ መጥባት ስለሚያቅተው አልቡና በጡጦ፣ ካልሆነም በቱቦ ስጡት።

ከዚያ መዝገቡን አምጡ። የትውልድ ቀን፣ በሚዛን የተለካ ክብደት፣ የወሊድ ነጥብ (ወሊዱ ምን ያህል ቀላል ወይም ከባድ እንደነበር የሚያሳይ ቁጥር)፣ ማን እንደረዳ። እባካችሁ እውነቱን ጻፉ። የሳባችሁትን ጥጃ «ያለ እርዳታ» ብሎ መመዝገብ የኮርማችሁን ቁጥር ያሳምራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በዚያው ቁጥር ተመርታችሁ ጊደራችሁን ታጠፋላችሁ።

ወደ ሽያጭ ስንመጣ፣ ከተወለዱት ወንዶች መካከል ግማሹ እንኳ ኮርማ ለመሆን አይበቃም። ይህን ለመቀበል ብዙ አርቢ ይቸገራል። ያልበቃውን በጊዜው ኮላሹና ጡት ሲጥል፣ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ወር፣ ለአድላቢ ሽጡት። አድላቢውም ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ሻሮሌ ስብ የሚይዘው ዘግይቶ ነውና ቶሎ ከታረደ ሥጋው ሽፋን አጥቶ በማቀዝቀዣ ይደርቃል። ከአንገስ ወይም ከኸርፎርድ ላም የተወለደ ድቅል ቀድሞ ይደርሳል። የሻሮሌ ድቅል በቀለሙም ይታወቃል፤ ከጥቁር ላም አመድማ፣ ከቀይ ላም ክሬም ወይም ወርቃማ ጥጃ ይወለዳል፤ በገበያ ላይ አባቱ ማን እንደሆነ ሳይነገር ይለያል።

ለኮርማነት ያስቀራችሁትን ከመጠን በላይ አትቀልቡ። ሻሮሌ በእህል ከተገፋ በቀን ከ1.5 ኪሎ ግራም በላይ ይጨምራል፤ ለጨረታ ቀን ያበራል። ነገር ግን በቆለጡ ከረጢት ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ሙቀቱን ከፍ አድርጎ የዘር ፍሬውን ያበላሻል፣ የእህሉ አሲድ ሰኮናውን ያቃጥላል፣ መስክ ላይ ሲወጣም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል። ገዢው ያኔ የሚያስታውሰው የእናንተን ስም ነው። ከመኖው ቢያንስ ግማሹ ድርቆሽ ወይም ሣር ይሁን፣ በየቀኑ እንዲራመድ ውኃውን ከመኖው አርቁት። በ15 ወር የቆለጥ ዙሪያው ከ30 ሴንቲ ሜትር፣ ከ24 ወር በላይ ሲሆን ከ34 ካነሰ አትሽጡት። የዘር ፈሳሹ ሲመረመር ቢያንስ 70 በመቶው ጤናማ ቅርጽ ይኑረው። በዘር ፈሳሹ ውስጥ ያለ አንድ የዘር ሕዋስ ለመብሰል 60 ቀን ያህል ስለሚፈጅበት ዛሬ የታመመ ኮርማ መዘዙ ከሁለት ወር በኋላ ሊታይ ይችላል፤ ከምርመራው በፊት ትኩሳት ይዞት እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩ።

ቢቪዲ ለተባለው ቫይረስም አስመርምሩ። በእናቱ ማህፀን በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት የተያዘ ጥጃ ዕድሜውን ሙሉ ቫይረሱን ሲረጭ ይኖራል፤ ለዓይን ግን ፍጹም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። እንዲህ ያለ አንድ ኮርማ በገዢው መንጋ ውስጥ ብዙ ላሞችን ሊያስጨነግፍ ይችላል።

ጠባዩንም አትርሱ፤ ጠባይ ይወረሳል። 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቁጡ ኮርማ ሰው ይገድላል። ጡት ከጣለ በኋላ በአፍሳር አለማምዱት፤ ከሳምንታት ሥልጠና በኋላም ሰው ሲቀርበው ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ መሬት የሚጭረውን ለሌላ ሰው አትስጡ፣ ለእርድ ይሂድ።

የሚገዛችሁ ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ለዩ። የዘር አርቢ የቤተሰብ ሐረግ ይፈልጋል፤ እርሱ ግን ጥቂት ነው። ብዙው ገዢ ድቅል ጥጃ ለሥጋ የሚሸጥ ገበሬ ነው፤ ሌሊት ተነስቶ ጥጃ መጎተት የሰለቸው። ለእርሱ የወሊድ ነጥቡን፣ የ200 ቀን ክብደቱን፣ የእናቱን ግትና የምርመራ ወረቀቶቹን በአንድ ገጽ አድርጋችሁ ስጡት። ለጊደሮቹ የማይስማማ ኮርማ ከሆነ በግልጽ ንገሩት፤ ለትልልቅ ላሞቹ ይገዛው ይሆናል። ወጣቱን ኮርማ በመጀመሪያው ዓመት ከ15 እስከ 20 ላሞች ብቻ እንዲሰጠው፣ ሲደርስም ለአራት ሳምንት ለብቻው እንዲያቆየው፣ መኖውንም በድንገት ሳይሆን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲለውጥለት አሳስቡት። ላሞቹ ውስጥ ከገባ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውላችሁ ስንቶቹ ተመልሰው ኮርማ እንደፈለጉ ጠይቁት፤ ከስድስት ሳምንት በኋላም ድገሙት። አሁንም ብዙዎቹ እየተመለሱ ከሆነ ገና በጊዜ ነውና ሌላ ኮርማ ጫኑለት።