እናቴን እያስታመምኩ «ትንሽ ልረፍ» ማለት ራስ ወዳድነት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እናቴ ስትሮክ መትቷት አልጋ ላይ ከዋለች ቆየች። ቀን ቢሮ እውላለሁ፣ ሌሊት አስታማሚዋ እኔው ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት እዘምራለሁ፣ የጽዋ ማኅበርም አለብኝ። አሁን አሁን ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንቅልፍ ይጥለኛል። ባለፈው ሌሊት ውሃ ስጪኝ ብትለኝ ጮኽኩባት። ልረፍ ስል ደግሞ «ራሱን ይካድ፣ መስቀሉንም ተሸክሞ ይከተለኝ» የሚለው ቃል ይወቅሰኛል። ራስ ወዳድ ሆኜ ነው? ጾሜንስ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። ራስ ወዳድ አልሆንሽም፤ ደክሞሻል። የጮኽሽው ነገር ለንስሐ አባትሽ የሚነገር ነው፣ እሱን ንገሪያቸው። ግን ምክንያቱም አብሮ ይታይ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ፍቅር እያለውም ትዕግሥት ያጥረዋል።

ነቢዩ ኤልያስን አስቢው። በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው፣ ኤልዛቤል ስትዝትበት ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባ። ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል» አለና ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር ታዲያ አልተቆጣውም። እምነትህ የት ሄደ አላለውም። ኤልያስ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው። መልአክ ቀስቅሶ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውሃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ እንደገና መጥቶ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። በዚያ ምግብ ኃይል አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ሄዶ ኮሬብ ደረሰ። ጥያቄው፣ ትእዛዙ፣ አዲሱ ተልእኮ ሁሉ የመጣው እዚያ ነው። እንቅልፉና እንጎቻው ቀደሙ።

ታሪኩን ስንሰብክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። ኤልያስ ኮሬብ ላይ ያለውን ግን ልብ በይ፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁ ነው ያለው፣ ያውም ሁለት ጊዜ። እግዚአብሔርም ለበኣል ያልሰገዱ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉ ነገረው። ኤልሳዕንም እንዲቀባ አዘዘው። ኤልሳዕም ተከትሎት ሄደ፣ ያገለግለውም ነበር።

አንቺም «አስታማሚዋ እኔው ነኝ» ብለሻል። ወንድም፣ እህት፣ የአክስት ልጅ ይኑርሽ አይኑርሽ አልጻፍሽም። ካለ ዛሬውኑ ደውዪና ተራ አስገቢው። «ሥራ ይበዛበታል» አትበዪኝ፤ ላንቺም በዝቶብሻል። የጽዋ ማኅበርተኞችሽም አሉ። ሙዝና ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፣ ትንሽ ይቀመጣሉ፣ ሲወጡ «ምን እናግዝሽ?» ይላሉ። አንቺ ደግሞ «ኧረ ምንም፣ ጸሎታችሁ ይበቃኛል» ትያለሽ። ይህን መልስ ተዪው። «ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ዘንድ ቆዩልኝ፣ እኔ ልተኛ» በያቸው። እንዴት ጎኗን እንደምታገላብጪያት አሳያቸው። ውሃ ስትሰጧት ቀና አድርጋችሁ፣ ጥቂት በጥቂት በይ። ከዚያ በሩን ዝጊና ተኚ። ቡና ማፍላትም የለም!

«እንደኔ አይጠነቀቁላትም» ትዪ ይሆናል። ልክ ነሽ፣ እንዳንቺ አይሆኑም። ራስን መካድ ግን እዚህም ይገባል። ሁሉን ይዛ የማትደክም ልጅ የሚለውን ስም መተውም ራስን መካድ ነው፤ ለአንዳንዶቻችን ከስግደት ይከብዳል። «ታምሜ ጠየቃችሁኝ» የሚለውን የጌታን ቃል እነሱም ሊሰሙት ይፈልጋሉ። በሩን አትዝጊባቸው።

ጌታ ራሱ ሐዋርያቱ ከስብከት ሲመለሱ «ጥቂት ዕረፉ» ብሏቸዋል። ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ነበር፣ ማርቆስ ምዕራፍ 6 ላይ ተጽፏል። እርግጥ ሕዝቡ ቀድሟቸው ደረሰ፣ ዕረፍታቸውም ተቋረጠ። ያንቺም ይቋረጣል፤ እናትሽ ስትጣራ መነሣትሽ አይቀርም። የተቋረጠ ዕረፍት ግን የተከለከለ ዕረፍት አይደለም። ደግሞ ዕረፍት ስልሽ ቲክቶክ ስትገለብጪ እኩለ ሌሊት ማለፉን አይደለም፣ እሱስ ይብስ ያደክማል።

«ቅዱሳን ሌሊቱን ሙሉ ይቆሙ የለ ወይ?» የሚል ይመጣብሻል። ይቆሙ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ግን አገር ዞረው ወንጌል ከሰበኩ በኋላ ነው ወደ ዋሻቸው የገቡት። የመነኩሴ ትግል በአባት ምክር፣ ደረጃ በደረጃ የሚያዝ ነው። ያንቺ ገድል በዚህ ወቅት እናትሽ አልጋ አጠገብ ነው።

ስለ ጾሙ እኔ ከሩቅ ልወስንልሽ አልችልም። ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ጾም እንደሚቀል ታውቂያለሽ። አስታማሚ ደግሞ ሌሊቱ እንደሌላው ሰው ሌሊት አይደለም። ለንስሐ አባትሽ ስንት ሰዓት እንደምትተኚ፣ ስንት ጊዜ እንደምትነሺ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጾሚ እሳቸው ይወስኑልሻል። የሰጡሽን ደግሞ ከልብሽ ተቀበዪ። «አባ አዝነውልኝ ነው» ብለሽ ተደብቀሽ አትጨምሪበት።

መዝሙሩን ለጊዜው አቁሚ። ለክፍሉ ኃላፊ ደውለሽ ፈቃድ ጠይቂ፣ ምክንያትሽንም በግልጽ ተናገሪ። ቅዳሴ ግን አትቅሪ። እግርሽ ሲዝል ተቀመጪ፣ ወንጌል ሲነበብ ተነሺ።