አሞኛል ብዬ ብቻዬን ሄድኩ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ቪየና ውስጥ የልውውጥ ተማሪ ነኝ። የመጣሁት ለአንድ ሴሚስተር ነው። የምጽፍልዎ ስለ አንድ ቅዳሜ ነው። ነገሩ ትንሽ ሊመስልዎ ይችላል። እኔን ግን ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሰባት ሆነን ቅዳሜና እሁድን ለማሳለፍ የስሎቫኪያ ዋና ከተማ ብራቲስላቫ ሄድን። ከቪየና በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሁላችንም የልውውጥ ተማሪዎች ነን። አራቱ አፋቸውን የፈቱት በስፓኒሽ ነው። ጣሊያናዊው ይሰማቸዋል። አንድ ዶርም የምንኖር ፖላንዳዊት ጓደኛ አለችኝ፤ እሷም ትምህርት ቤት ሳለች ስፓኒሽ ተምራለች። ምንም የማልሰማው እኔ ብቻ ነኝ።

ዓርብ ማታ ስንደርስ ወሬው በእንግሊዝኛ ነበር። እየመሸ ሲሄድ ወደ ስፓኒሽ ዞረ፤ በዚያው ቀረ። ቅዳሜ ጠዋት አሮጌውን ከተማ ሲዞሩ ከኋላ ከኋላ እከተላቸዋለሁ። አንድ መንገድ ላይ ከጉድጓድ ብቅ ያለ የነሐስ ሰውዬ አለ። እሱን ከበው ሲስቁ እኔም ሳቅሁ። ምን እንዳሳቃቸው ግን አላውቅም። የቅዱስ ማርቲን ካቴድራል ጋ ስንደርስ ደግሞ አርክቴክቸር የሚያጠናው ልጅ ወደ ማማው ጫፍ እየጠቆመ ብዙ ነገር አስረዳ። ይጠይቁታል፣ ይመልሳል። «ምንድን ነው እሱ?» አልኩት። «ዘውድ ነው» አለኝና ወደ እነሱ ዞረ። እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1830 የሃንጋሪ ነገሥታት ዘውድ የሚጭኑበት ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ያወቅሁት ማታ ስልኬ ላይ አንብቤ ነው።

ሆዴ ባባ። እኩለ ቀን ላይ «ራሴን አሞኛል፣ ሆስቴል ልግባ» አልኩ። የዶርም ጓደኛዬ አብሬሽ ልሁን አለች። እምቢ አልኳት።

ግማሽ ሰዓት እንኳን አልተኛሁም። ስልኬን አጥፍቼ፣ ከዳኑብ ድልድይ ሥር አውቶቡስ ይዤ ዴቪን ሄድኩ። ዴቪን የሞራቫ ወንዝ ከዳኑብ ጋር በሚገናኝበት ቋጥኝ ላይ ያለ የፈረሰ ግንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1809 ያፈረሰው የናፖሊዮን ጦር ነው። ከላይ ሆኜ ሳይ ማዶው ኦስትሪያ ነው። እታች ወንዙ ዳር፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 በፊት፣ በኮሙኒስት መንግሥት ጊዜ፣ ወደዚያ ማዶ ለመሻገር ሲሞክሩ ለተገደሉ ሰዎች የቆመ መታሰቢያ አለ። እኔ በማግሥቱ በባቡር ቁጭ ብዬ የምሻገረው ድንበር ነው። እዚያ ብዙ ቆየሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ከሰዓት በኋላ ልቤ ያረፈበት ጊዜ የለም።

ስመለስ ጓደኛዬ ሆስቴሉ በር ላይ ቆማለች። የመድኃኒት ቤት ፌስታል ይዛለች። ለእኔ የራስ ምታት ክኒን ልትገዛ ጉብኝቱን አቋርጣ መጥታ አልጋዬን ባዶ አገኘችው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትፈልገኝ ነበር። ስታየኝ ዘልላ አቀፈችኝ። እኔ ደግሞ «አየር ልቀበል እዚሁ ቅርብ ወጣ ብዬ ነው» ብዬ ሌላ ውሸት ጨመርኩበት። ክኒኑንም ተቀብዬ ፊቷ ዋጥኩት።

አሁን እነዚያው ልጆች የሃንጋሪ ዋና ከተማ ቡዳፔስት ሊሄዱ ነው። ጓደኛዬ «አሁንስ መድኃኒቱን ቀድሜ እይዝልሻለሁ» አለችኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ልንገራት ወይስ ሆድ ይፍጀው? ጉዞውስ? ልሂድ ወይስ ልቅር?

ባይተዋሯ፣ ከቪየና

* * *

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔ ያቺ ክኒን ላይ ቆመ። ሳያምሽ፣ ፊቷ ቆመሽ የዋጥሻት። ስትጽፊውም እንደከበደሽ ያስታውቃል። ስለዚህ መልሴን ላስቀድም፦ ንገሪያት። ከቡዳፔስት በፊት ንገሪያት።

ሰው ሁሉንም ትንንሽ ውሸት መናዘዝ አለበት ብዬ አይደለም። «ደክሞኛል» ብሎ ከጓደኞቹ የሚለይ ብዙ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። የአንቺው ግን ሌላ ነገር አለበት። በሰው አገር፣ ስልክሽን አጥፍተሽ፣ ወንዝ ዳር ብቻሽን ነበርሽ። እግርሽ ቢንሸራተት ኖሮ ዴቪን ብሎ የሚፈልግሽ ሰው አልነበረም። ጓደኛሽ እነዚያን ሁለት ሰዓታት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው አስቢ። በማያውቁት ከተማ ሰው ሲጠፋ የአውሮፓ የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ላይ ልደውል አልደውል እያሉ ስልክ ጨብጦ መቆም ምን እንደሚመስል እኔም ተማሪ ሳለሁ ቀምሼዋለሁ። እሷ እስከ ዛሬ ያ ሁሉ ጭንቀት በከንቱ፣ ከልክ በላይ ፈሪ ስለሆነች የመጣ ይመስላታል። አልነበረም። በእውነት ጠፍተሽ ነበር። ይህን ማወቅ ይገባታል።

በመልእክት አትላኪላት። ዶርማችሁ ውስጥ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ይሁን። ረጅም አታድርጊው፦ «ያን ቅዳሜ አላመመኝም ነበር። ወሬውን መከታተል አቅቶኝ ከፍቶኝ ነው። ዴቪን ነበርኩ። ስላስጨነቅሁሽም፣ ሁለተኛ ስለዋሸሁሽም ይቅርታ።» እዚህ ላይ አቁሚ። ስለ ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ወቀሳ አትጨምሪበት። ይቅርታና ክስ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ጆሮ ውስጥ የሚቀረው ክሱ ነው። ልትቆጣ ትችላለች። ጥቂት ቀን ልትኮራረፉም ትችላላችሁ። አትጎትጉቻት፤ ጊዜ ስጫት።

ስለ ቋንቋው ደግሞ ሌላ ቀን ንገሪያት። የተሰማሽ ስሜት የሚያሳፍር አይደለም። «ዘውድ ነው» ብሎ ፊቱን ያዞረው ልጅ ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ምን ነበረበት? እኔም ብሆን እከፋ ነበር። ግን እነሱንም እይልኝ። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቋንቋ ይማራሉ፣ ፈተና ይፈተናሉ፣ ቢሮ ይመላለሳሉ። ቅዳሜ ሲመጣ አፋቸው ያርፋል። አንቺስ ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ስትጽፊ ቀለል አላለሽም?

ስለዚህ «ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ አውሩ» ብትያቸው አይሆንም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይረሱታል፤ አንቺም ደግመሽ ለማስታወስ ታፍሪያለሽ። ይልቅ ሁለት ነገር ጠይቂያቸው። ወዴት እንሂድ፣ መቼ እንመለስ የሚለው ሲወሰን በእንግሊዝኛ ይሁን። አንድ ሰው ስለ ቦታው ሲያስረዳም እንደዚሁ። ሌላውን ወሬ ልቀቂላቸው። ሲስቁ ደግሞ አብረሽ አትሳቂ። «ምን ተባለ?» በይ። ከደብዳቤሽ እንደማየው ቀኑን ሙሉ የጠየቅሽው አንድ ጊዜ ነው። ካቴድራሉ ጋ ብቻ። ከኋላ የቀረ ሰው ዝም ካለ፣ ከፊት የሚሄዱት የተመቸው ይመስላቸዋል።

ጉዞውንማ ሂጂ። ግን አንቺ ብቻሽን ከተማ መዞር የምትወጂ ልጅ ነሽ። ይህን ዴቪን ላይ አይተሻል፤ ምንም ጥፋት የለውም። ጥፋቱ መደበቁ ነበር። ቡዳና ፔስት እ.ኤ.አ. እስከ 1873 ድረስ የተለያዩ ከተሞች ነበሩ፤ መሃላቸው ዳኑብ ነው። እነሱ ፔስት ሲዞሩ አንቺ ግማሽ ቀን ቡዳ ብትውዪ ማን ይከለክልሻል? ከመነሳታችሁ በፊት በግሩፑ ላይ ጻፊው፦ «ቅዳሜ ከሰዓት ብቻዬን ቡዳ ነኝ፣ አመሻሽ ላይ የሰንሰለት ድልድዩ ጋ እንገናኝ።» ስልክሽ ክፍት ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ፓስፖርትሽንም የኦስትሪያ የረጅም ጊዜ ቪዛሽን ወይም የመኖሪያ ፈቃድሽንም ያዢ። ሃንጋሪ ሸንገን ውስጥ ናት፤ ሸንገን በመካከላቸው መደበኛ የድንበር ቁጥጥር ያስቀሩ የአውሮፓ አገሮች ስብስብ ነው። በቪዛሽም ሆነ በፈቃድሽ ሌሎቹ የሸንገን አገሮች ውስጥ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ትችያለሽ። ቢሆንም ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሃንጋሪ ድንበር ላይ ቁጥጥር ስታደርግ ቆይታለች። ስትመለሱ ባቡር ውስጥ ፖሊስ ሊጠይቅሽ ይችላል። አውሮፓውያኑ ጓደኞችሽ መታወቂያ ብቻ ይዘው ስለሚወጡ «ወረቀትሽን ያዝሽ?» ብሎ የሚያስታውስሽ የለም።

ጓደኛሽ ግን ዴቪንን አላየችም። ያን ከሰዓት በኋላ አንቺን ስትፈልግ ነው የዋለችው። ቁጣዋ ሲበርድላት፣ ከቡዳፔስትም በፊት ቢሆን በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባቡር ያዙና ሁለታችሁ ብቻ ሂዱ። ያቺን ልብሽ ያረፈባትን ቦታ አሳያት።