መልስ፦ ጡረታ የወጡት አባቴ ጅማ ውስጥ ጊዜያቸውን በምን ያሳልፉ?

ልጄ፣ አባትሽ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከቤት አልወጣ ማለታቸው ቢያስጨንቅሽ አይገርመኝም። እኔም ጡረታ ከወጣሁ 4 ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት ቤት ውስጥ ተኮራምቼ ነው የከረምኩት። ያወጣኝ የድሮ ባልደረባዬ ነው፤ አንድ ማለዳ መጥቶ በሬን አንኳኳ።

አሁን አምስት ሆነናል። በሳምንት አንድ ቀን ጅማ አጠገብ ወዳለው ጅሬን ኮረብታ እንወጣለን። ዳገቱን በባጃጅ ሄደን፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይተን፣ ቁልቁል በእግር እንመለሳለን። አባትሽ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ግን በባጃጁ ይመለሱ፤ ለጉልበት ቁልቁለት ከዳገት ይከፋል። ጅማ አጠገብ ያለው የቦዬ ረግረግም ለወፍ ማየት ጥሩ ነው። ጉማሬ ስላለ ውኃው ዳር አይጠጉ፤ ሲመሽ ለግጦሽ ስለሚወጣም ቀደም ብሎ መመለስ ነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው የኅዳሩን ጉዞ ነው። ቡና ሲለቀም ወደ አጋሮ እንሄዳለን፤ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት ይገባል። አምና ዕድሜውን ሙሉ በግብርና የሠራው ጓደኛችን፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ከተሰጣው ቡና አንድ ቀይ ፍሬ አንስቶ በጥፍሩ ፈለቀቀና ጣፋጩን ልጣጭ አቀመሰን። ስለ መድረቁና ስለ መታጠቡ ሲያስረዳን ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዪ! ሰው የሚያውቀውን ሲጠየቅ ነፍስ ይዘራል።

አባትሽን "ውጡ" ብለሽ አትጨቅጭቂያቸው። ከድሮ ባልደረቦቻቸው ለአንዱ ደውለሽ፣ ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ እንዲወስዳቸው ለምኚው።