ለጓደኛሽ ንገሪያት

ባለፈው እሁድ ከቤተክርስቲያን ስመለስ የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፗን አቅፋ ደጃፌ ላይ ጠበቀችኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ሌሊት ስነሳ መብራት የማየው እነሱ ቤት ብቻ ነው። "እትዬ ኤሴዬን ያንብቡልኝ" ብላ ገባች፣ ከማመልከቻው ጋር የሚላከውን ስለራሷ የጻፈችውን ጽሑፍ ማለቷ ነው። አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ልታመለክት ነው፣ ኤም አይ ቲ ነው የምትፈልገው፣ ከሱ ቀጥሎ ሀርቫርድ፣ ፕሪንስተን፣ ዬል፣ አምኸርስት ብላ ዘርዝራለች። አነበብኩላት፣ ስለ አያቷ ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ነው የጻፈችው፣ ፈታታ እንዴት እንደገጠመችው፣ ደስ ይላል፣ ሁለት ቦታ ብቻ አስተካከልኩ። ልትወጣ በሩን ከያዘች በኋላ ነው የመጣችበትን ጥያቄ የጠየቀችኝ። "እትዬ፣ ጓደኞቼ የት የት እንደማመለክት ይጠይቁኛል፣ ልንገራቸው ወይስ ልደብቅ? ከአንድ ትምህርት ቤት ከአንድ ልጅ በላይ አይወስዱም ይባላል።"

ነገ እነግርሻለሁ አልኳት። ይኸው ሶስት ቀን ሆነኝ፣ መንገድ ላይ ስታየኝ ትጠብቃለች፣ እኔ ሰላም ብዬ አልፋለሁ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። መልሱን ለመናገር መጀመሪያ የራሴን ማውራት ስላለብኝ ነው፣ እና በአፌ ከማወራው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው፣ እንደሷ የሚጨነቁ ሌሎች ልጆችም ያነቡት ይሆናል።

እኔ ሲቪል ኢንጂነር ነኝ፣ አምስት ኪሎ ነው የተማርኩት፣ ወደ ሰላሳ ዓመት ሰርቻለሁ። ነገሩ የሆነው በ1985 ማትሪክ ልንወስድ ስንዘጋጅ ነው። ያደግነው ዶሮ ማነቂያ ነው፣ እኔና ጓደኛዬ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ። ዶሮ ማነቂያ ዛሬ የለም፣ በ2016 ፈርሷል፣ ባለፍኩ ቁጥር የኛ ቤት በየት በኩል እንደነበር መለየት ያቅተኛል። ብቻ በሂሳብ እሷ ትበልጠኝ ነበር፣ በትንሽ አይደለም በብዙ። የሂሳብ አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ ሲሰራ የተሳሳተ ከመሰለው ወደ ክፍሉ ዞር ብሎ መጀመሪያ የሚያየው የሷን ፊት ነበር፣ እሷ ዝም ካለች ይቀጥላል።

ያኔ አሜሪካ ማመልከት ማለት ለናንተ ማስረዳት ይከብዳል። ደብዳቤ በእጅሽ ትጽፊያለሽ፣ ቸርችልን ቁልቁል ወርደሽ ዋናው ፖስታ ቤት ትከቺያለሽ፣ ከዛ ወር፣ አንዳንዴ ሁለት ወር ትጠብቂያለሽ። የአባቴ መስሪያ ቤት ፖስታ ሳጥን ነበረው፣ የሁለታችንም ደብዳቤ በሱ ነበር የሚመጣው። ብሪቲሽ ካውንስል ያኔ ፒያሳ ነበር፣ ላይብረሪው ገብተን እንግሊዝኛ እናነባለን፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ መጠለያችን ነው፣ ወለሉ ሲወለወል የሚሸተው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ኤስ ኤ ቲውን፣ የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተናውን፣ አብረን ተፈተንን፣ የሷን ክፍያ ወንድሟ ከደሞዙ ቆጥቦ ነው የከፈለላት። ውጤት ሲመጣ በለጠችኝ። ይሄን ማንም አልገረመውም፣ እኔንም።

ከዛ የማመልከቻው ክፍያ መጣ። 40 ዶላር። የዛን ዓመት መስከረም ላይ ነው ዶላር ለብዙ ዘመን ከቆመበት 2 ብር ከ7 ሳንቲም ተነስቶ 5 ብር የገባው፣ እና ክረምት ላይ 83 ብር ያህል ይሆናል ብለን ስናስበው የነበረው በአንዴ 200 ብር ሆነ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ያኔ ስንት እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ለነሱ ቤት 200 ብር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኛም ጋ አልነበረም። ግን እኔ ቀደም ብዬ ለዩኒቨርሲቲው "መክፈል ካልቻልኩስ" ብዬ ጽፌ ነበር፣ እና መልስ መጣልኝ። አንዲት ገጽ ናት። ቤተሰብሽ መክፈል የማይችል ከሆነ ትምህርት ቤትሽ ይሄንኑ ጽፎና ማህተም አድርጎ ይስጥሽ፣ ከማመልከቻው ጋር ላኪው፣ ገንዘብ አያስፈልግም ትላለች። ያቺን ገጽ ለአራት አጥፌ የፊዚክስ ደብተሬ ውስጥ ከተትኳት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ስንደርስ ጓደኛዬ "አንቺ እንዴት ልትከፍዪ ነው?" አለችኝ።

"አጎቴ ከአሜሪካ ይልክልኛል" አልኳት።

አሜሪካ አጎት የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። እሷ እጄን ይዛ "እሰይ! እንኳን ተገኘልሽ" አለችኝ፣ ደስ ያላት ከልቧ ነው። ትንሽ ከሄድን በኋላ ቀስ ብላ "ለኔም ቢያበድረኝ ብለሽ ትጠይቂልኛለሽ? ስራ ስይዝ እከፍለዋለሁ" አለች። እጠይቀዋለሁ አልኳት። ሳምንት ቆይቼ "አልተመቸውም አለ" አልኳት። "አይዞሽ፣ አስጨነቅኩሽ" ብላ እኔኑ አጽናናችኝ።

ለምን እንዳደረግኩት ብዙ አስቤበታለሁ። የዛሬዋ ልጅ እንዳለችው ከአንድ ትምህርት ቤት አንድ ሰው ነው የሚወስዱት ብዬ አምኜ ነበር፣ ማን እንደነገረኝ አላውቅም፣ በልቤ ያደገ ነገር ነው። አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ እሷ ናታ! እናቴም ነገር ሳያልቅ ማውራት አትወድም ነበር፣ ዓይን አለ ትላለች። ግን እናቴ ዝም በይ ነው ያለችኝ እንጂ ዋሺ አላለችኝም፣ በሷ ላይ አላሳብብም።

ሚያዝያ ላይ ከፖስታ ሳጥኑ ቀጭን ፖስታ ወጣ፣ አልተቀበሉኝም። በዛው ዓመት ማትሪክ መጣ፣ እኔ አምስት ኪሎ፣ እሷ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ገባን። እሷ የሂሳብ አስተማሪ ሆነች፣ ያስተማረቻቸው ልጆች ዛሬም በየመንገዱ ያቅፏታል፣ ስለዚህ ሕይወቷን አበላሸሁት አልልም፣ እሷም እንደዛ ብትባል ትቆጣለች። ብታመለክትም ላይቀበሏት ይችላሉ። ግን ማመልከት ነበረባታ። እንቢ የሚሏት እነሱ መሆን ነበረባቸው፣ እኔ አይደለሁም።

ከፈረሳ በኋላ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ገብታለች፣ ቤት እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ሄድኩ። ልጆቿ ተሰብስበዋል፣ ቡና እየተፈላ ነው፣ የድሮ ጨዋታ ተነሳ። "እኔም እኮ አሜሪካ ላመለክት ነበር፣ ዶላር የሚልክ ዘመድ አጥቼ ነው፣ እሷ አጎቷ ከፈለላት" አለቻቸው። ወደኔ ዞራም "ለመሆኑ አጎትሽ ደህና ነው?" አለችኝ። ሞቷል አልኳት። "ውይ፣ ነፍስ ይማር፣ ደግ ሰው ነበር" አለች። ልጆቿም ነፍስ ይማር አሉ። ከሰላሳ ዓመት በኋላ እንደገና ዋሸኋት፣ ያውም ቡናዋን እየጠጣሁ።

እና ልጄ፣ መልሴ ንገሪያቸው ነው።

የት እንደምታመለክቺ ብቻ አይደለም፣ ያገኘሽውን ሁሉ ንገሪያቸው። ሀርቫርድ በዓመት ወደ 50 ሺህ ሰው ያመለክታል፣ የሚቀበሉት 2 ሺህ ገደማ ነው። ከመላው ዓለም 50 ሺህ ሰው ባለበት ያጠገብሽን አንዷን ብታስቀሪ ምን ትጠቀሚያለሽ? አሁን ክፍያው ወደ 75 ዶላርና ከዛ በላይ ሆኗል፣ ግን ከክፍያ ነፃ የመሆኑ ጥያቄ እዛው ኮመን አፕ ላይ፣ ብዙዎቹ የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ ላይ አለ፣ የትምህርት ቤቱ ካውንስለር (አማካሪው) ያረጋግጣል በቃ፣ ኤም አይ ቲ ደግሞ የራሱ ፎርም አለው፣ እዛም መጠየቅ ይቻላል። የዘረዘርሻቸው አምስቱ ደግሞ ከውጭ የሚያመለክተውንም ሲመርጡ ቤተሰቡ መክፈል ይችላል አይችልም አይሉም፣ ከተቀበሉሽ የጎደለውን ይሞሉልሻል። ብዙዎቹ ሌሎች ግን ለውጭ ተማሪ እንደዛ አይደሉም፣ አቅምሽን አይተው ነው የሚወስኑት። ይሄን ልዩነት የማያውቅ ጎበዝ ልጅ በዚህ ከተማ ብዙ አለ፣ ሀብታም ቤት አይደለሁም ብሎ ገና ሳይጀምር የተወ። አንቺ ታውቂያለሽ። የምታውቂውን ለአራት አጥፈሽ ደብተር ውስጥ አትክተቺ።

የዛሬ ልጆች አንድ የማልወድላችሁ ነገር አለ፣ ሁሉ ነገር በስልካችሁ እጃችሁ ላይ እያለ ሊንክ ትደባበቃላችሁ፣ የቴሌግራም ግሩፑን ስም አትነጋገሩም፣ ለኤጀንት ግን ብዙ ሺህ ብር ትከፍላላችሁ፣ ኤጀንቱም ኤሴያችሁን ለኤአይ ያጽፈዋል። የአያትን ሲንጀር መኪና ኤአይ አያውቀውም። ደግሞ እንዲህ ብዬ እወቅሳችሁና ጠዋት በአራት ኪሎ ሳልፍ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ተሰልፋችሁ ሳያችሁ እኛ በዚህ ዕድሜያችን እንዲህ አጥንተን አናውቅም እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ስለ ትልቅ ስም ብዙ አልልም። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ዓለማያ ኮሌጅ ጨርሰው ነው አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሄዱት፣ ድርቅና አቀንጭራ የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው በፈረንጆች 2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰዱ። ዓለማያን ያኔ ማን ኤሊት ይለው ነበር? እንዲህ እላለሁ እንጂ ኤም አይ ቲ ብትገቢ ከእናትሽ ቀድሜ እልል የምለው እኔ ነኝ።

ንገሪ ስልሽ ደግሞ ለአክስት ለአጎት፣ ለሰፈሩ ሁሉ አይደለም። ለነሱ ዝም በይ፣ በዚህ እናቴ ልክ ናት፣ በየለቅሶ ቤቱ "መጣልሽ ወይ" የሚል ሰው ያደክማል። የምነግርሽ አብራሽ ለምታመለክተው፣ ማመልከት እየቻለች መንገዱን ላላወቀችው ልጅ ነው። የመጀመሪያው ዙር ኖቬምበር 1 ይዘጋል፣ በኛ ጥቅምት 22 አካባቢ። ጓደኛሽን ዛሬ ደውዪላት፣ ነገ ማታ ይዘሻት ነይ፣ የሷንም ኤሴ አነብላታለሁ።

እኔም ለጓደኛዬ ደውያለሁ። ቅዳሜ እመጣለሁ ስላት ምነው በደህና ነው አለችኝ፣ በደህና ነው አልኳት። ያቺ ገጽ አሁንም አለችኝ፣ እጥፋቱ ላይ ልትቀደድ ደርሳለች፣ በላስቲክ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ።