የወታደሮች ፍሪሜሶን ሎጅ አባል መሆን ይቻላልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? በአሜሪካ ጦር ለረጅም ዓመታት አገልግዬ በጡረታ የወጣሁ ኦርቶዶክሳዊ ነኝ። በጦር ሰፈሩ አካባቢ በሥራ ላይ ያሉና ጡረታ የወጡ ወታደሮች የሚሰበሰቡበት የፕሪንስ ሆል ፍሪሜሶን ሎጅ (በመሐላ የሚገባበት የወንድማማቾች ማኅበር የአካባቢ ክፍል) አለ። የድሮ ጓዶቼ «ሃይማኖት አይደለም፤ የሟች ወታደር ሚስትና ልጆችን እንረዳለን» ብለው የማመልከቻ ቅጽ ሰጡኝ። አብሮኝ የሚያስቀድስ አንድ ወንድም ደግሞ የመጀመሪያውን ደረጃ ወስዷል። እየቆረብኩ አባል መሆን እችላለሁን? እርሱስ ምን ያድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት መጠየቅዎ መልካም ነው። መልሱ አይቻልም ነው። ምክንያቱን ግን በትክክል ይወቁት። በእኛ ዘንድ ስለ ፍሪሜሶኖች የሚወራው አብዛኛው ነገር ማስረጃ የለውም፤ «ሰይጣን ያመልካሉ» እያሉ ጓዶችን መክሰስም በሐሰት መመስከር ነው።

የወታደር ሎጅ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። የሎጆች የበላይ የሆነው የአየርላንድ ታላቁ ሎጅ እ.ኤ.አ. በ1732 ከእንግሊዝ እግረኛ ጦር ጋር የሚዘዋወር ሎጅ ፈቅዷል። የጥቁሮቹን ፍሪሜሶን የመሠረተው ፕሪንስ ሆል ራሱ በ1775 ቦስተን ውስጥ ከሌሎች 14 ጥቁሮች ጋር የገባው በእንዲህ ያለ የወታደር ሎጅ ነው። እርሱ የመሠረተው ሎጅ የነጮቹ ሎጆች በር ለዘጉባቸው ሰዎች መጠጊያ ስለነበረ፣ በጥቁር ወታደሮች ዘንድ ያለው ክብር ይገባኛል። የሚረዷቸው መበለቶችና ልጆችም እውነተኛ ችግረኞች ናቸው።

ችግሩ ያለው መሐላው ላይ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ እጩው ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ይወሰድበታል፤ ዓይኑ ይሸፈናል፤ ግራ ደረቱና ግራ ጉልበቱ ይገለጣል፤ ማዕተብ በታሰረበት አንገቱ ላይ ገመድ ይገባለታል። እየተመራ ከዞረ በኋላ መሠዊያ በሚሉት ፊት ይንበረከካል፤ ግራ እጁን ከመጽሐፍ ቅዱስ በታች፣ ቀኙን በላዩ አድርጎ ምሥጢሩን እንደማይገልጥ ይምላል። ከዚያ የምትሻው ምንድን ነው ሲባል «ብርሃን» ብሎ ይመልሳል፤ መሸፈኛውም ይነሣለታል። የተጠመቀ ሰው «እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ» ያለውን ጌታ ለብሶ ሳለ (ዮሐ. 8፥12) በጨለማ እንዳለ ቆጥሮ ብርሃን የሚለምነው ከማን ነው?

«ለሠራዊቱም ምያለሁ» ይሉኝ ይሆናል። የሠራዊቱ መሐላ ቃሉ በሕግ የተጻፈ፣ ማንም አስቀድሞ የሚያነበው ነው፤ መማል የማይሻም «አረጋግጣለሁ» ማለት ይፈቀድለታል። በሎጁ ግን ዓይንዎ ተሸፍኖ፣ ያልመረመሩትን ቃል እየተከተሉ ይላሉ። ለእግዚአብሔርና ለአገር ካለብዎ ግዴታ ጋር እንደማይጋጭ ይነገርዎታል፤ ይህን የሚመሰክርልዎ ግን መሐላውን የሚያስምልዎት ሰው ራሱ ነው። ጌታ ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን ያለው (ማቴ. 5፥37) ሰው በአፉ ራሱን እንዳያስር ነው።

ጸሎታቸውም «ለአጽናፈ ዓለም ታላቅ መሐንዲስ» የሚቀርብ ነው። የተለያየ እምነት ያላቸው በአንድነት እንዲቆሙ ሲባል የክርስቶስ ስም ይቀራል፤ ሐዋርያው ደግሞ የምታደርጉትን ሁሉ በጌታ በኢየሱስ ስም አድርጉ ይላል (ቆላ. 3፥17)። በሦስተኛው ደረጃ እጩው በትወና መልክ የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ሠሪ ኪራምን ሆኖ ተገድሎ ይነሣል። መጽሐፍ ግን ኪራም ሥራውን ሁሉ እንደጨረሰ እንጂ እንደተገደለ አይናገርም (1ኛ ነገ. 7፥40)። ሞትና ትንሣኤን በጥምቀት ከክርስቶስ ጋር ተካፍለናል፤ ሌላ አያስፈልገንም። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1933፣ ሮም ደግሞ ዳግመኛ በ1983 አባልነቱ ከክርስትና ጋር እንደማይስማማ ያወጁት ስለ ወሬ ሳይሆን ስለዚህ ነው።

እርስዎ ቅጹን ሳይሞሉ በአክብሮት ይመልሱላቸው፤ ጓደኝነቱን አያቋርጡ። ለመበለቶቹ የሚሰጡትን በቀጥታ ለቤተሰቡ ይስጡ። ከጡረታ በኋላ የሚመጣው ብቸኝነት ከባድ ነው፤ ጽዋ ማኅበር ወይም እድር ይግቡ፣ በአጥቢያዎ ከሌለ ከአምስት ስድስት ሰው ጋር ይጀምሩ።

ወንድማችን ግን አስቀድሞ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ። ሳያስተውል በከንፈሩ የማለ ኃጢአቱን እንዲናዘዝ ታዟል (ዘሌ. 5፥4-5)፤ ቀኖናውን የሚሰጡት ንስሐ አባቱ ናቸው፣ እስከዚያም አይቍረብ። መሐላውን ፈርቶ አይዘግይ፤ ለክፉ የታሰረ ቃል ንስሐን አይከለክልም።

መሄድ ማቆም ብቻውን አያስወጣውም። ክፍያ ያለበት አባል መክፈል ሲያቆም «ባለመክፈል የታገደ» ተብሎ ስሙ ከመዝገባቸው ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ውዝፍ ካለበት ከፍሎ፣ ስሙን፣ የሎጁን ስምና ቁጥር፣ ቀኑን ጽፎ «ከዛሬ ጀምሮ አባልነቴን ትቻለሁ» የሚል የተፈረመ ደብዳቤ ለሎጁ ጸሐፊ በአደራ ደብዳቤ ይላክ። ምክንያት መዘርዘር የለበትም። ቅጂውን ያስቀር፣ መልቀቁን የሚያረጋግጥ ወረቀትም ይጠይቅ። ወደፊት ከሎጁ በላይ ባሉ ሌሎች ማኅበሮቻቸው ገብቶ ያገኙት ሰው ካለ፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ መጻፍ እንዳለበት ይንገሩት።

አንድ ነገር ደግሞ ይጨመር፦ ለቤተሰቡ በጽሑፍ «ቀብሬ በጸሎተ ፍትሐት ብቻ ይሁን» ይበል። ሎጁ በአባሉ ቀብር ላይ የራሱን ሥርዓት ያደርጋል፤ ነጭ ሽርጥና አረንጓዴ ቅጠል በሣጥኑ ላይ ያኖራል። ቤተሰብ ሳያውቅ ከፈቀደ፣ በሐዘን መካከል ከካህናቱ ጋር ክርክር ይነሣል።